ሦስተኛውን ርክርክ የማይበላ ማዳመጫ

የካቲት 10፣ ሰኞ

ያቺ ትንሿ ኤርፎን ዛሬ አረፈች። ግራዋ ከጥምቀት በፊት ሞታ ነበር፤ ቀኟ ደግሞ ዛሬ ጧት ጭው ብላ ቀረች። ጾም ሊገባ ሰባት ቀን ሲቀረው ነው እንግዲህ። ዕቃም እንደ ሰው ቀን አይቶ ይከዳል።

ለሰው የማልነግረውን እዚህ ልጻፈው። ተማሪዎቼ ከመምጣታቸው በፊት በየጧቱ ጓዳ ገብቼ የመምህሬን፣ የየኔታ ወልደ ሥላሴን ዜማ ከስልክ እሰማለሁ። እሳቸው ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። በሕይወት ሳሉ አንድ ዘመዳቸው በካሴት ቀድቷቸው ነበር፤ ባሕር ዳር ያለችው ልጄ ሕሊና ናት ወደ ስልክ ያዛወረችልኝ። ዜማው ጠፍቶብኝ አይደለም። ሚዛንም እኮ አልፎ አልፎ ይፈተሻል።

ይህን የምታውቅ ባለቤቴ ሀብትነሽ ብቻ ናት። ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፤ ግቢያችን ደግሞ የአምስት አባወራ ግቢ። «መሪጌታ ይሄይስ ጧት ከስልክ የተማረውን ከሰዓት ያስተምራል» ከተባለ አለቀልኝ፤ ወንበሬን አጥፌ ወደ ገጠር መግባት ነው። ስለዚህ ድምፅ ወደ ውጭ የማያስወጣ፣ የየኔታን ድምፅ ከነትንፋሹ የሚሰጥ፣ ቤት ውስጥ በየቀኑ ባደርገው ጆሮዬን የማይቆጠቁጠኝ ማዳመጫ እፈልጋለሁ። ይኸ ብዙ ነው?

ዘንድሮ ነገሩ ከእኔ አልፏል። ተማሪዬ ዲያቆን ዘሚካኤል ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተፈትኖ ሊመሰክር ወደ ምስክር ቤት ይሄዳል። ሰባት ዓመት እኔ ዘንድ ተቀምጧል። እዚያ ያሉት መምህራን አንዲት የዜማ ምልክት ብትዛነፍ «ማን ነው ያስተማረህ?» ብለው ነው የሚመልሱት። ያን ጊዜ ሰባቱን ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው። ደግሞ የሚጠሩት የእኔን ስም ብቻ አይደለም፤ የየኔታንም ነው።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የምትሸጠው ሥርጉት ዘንድ ሄድሁ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ተነሥታ ነው የተቀበለችኝ።

«የኔታ፣ ሄድፎን ሁለት ዓይነት ነው» አለችኝ። «ጀርባው ክፍት የሆነ አለ፣ ድፍን የሆነ አለ። ክፍቱ ድምፁ ሰፋ ይላል፤ ግን አጠገብዎ የተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይሰማዎታል። ድፍኑ እዚያው ጆሮዎ ላይ ይቀራል።»

«ድፍኑን» አልሁ ሳትጨርስ።

«ምን ሊሰሙበት ነው፣ ምሥጢር?» ብላ ሳቀች።

ችግሩ ሲለካ መጣ። ራስ ላይ የሚያርፈው ቅስቱ ከጥምጥሜ በላይ አይገባም። ጥምጥሜን ፈትቼ በሰው ሱቅ ራሴን ገልጬ ልቁም? አራት ሰው ደግሞ በር ላይ ቆሞ ካርድ ይጠብቃል። እጄን ጥምጥሜ ላይ አድርጌ ስቆም ገባት። «ትንሽ ጠብቁኝ» ብላ ሰዎቹን አስወጣች፣ ነጠላዋን በሩ ላይ ጋረደች፣ ራሷም ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ያሳደጋት ይባረክ።

ትልቅ ጥቁሩን ይዤ መጣሁ። ካልወደድሁት እንድመልስ ፈቅዳልኛለች።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ከበሮው ተሰቀለ፣ ጸናጽሉ ተቀመጠ። የእኔ ጆሮ ውስጥ ግን ከበሮ አለ!

እውነቴን ነው። የኔታ በመቋሚያቸው መሬት መታ ሲያደርጉ ይኸ ጥቁር ዕቃ ድም! ያደርገዋል። ሥርጉት «ቤዙ አሪፍ ነው» ያለችኝ ይህን ኖሯል። ስንት ዘመን ሥርዐቱን ጠብቄ የኖርሁትን በዐቢይ ጾም ከበሮ አስመታኝ።

ደግሞ የደብረ ዘይት እሑድ ዜማ መጨረሻ ላይ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ከሚወርድበት፣ ሦስተኛውን ርክርክ በላው። ሁለት ብቻ። ይመለሳል።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዘሚካኤል ላይ ጮህሁ። ባልጮህ ይሻል ነበር።

የደብረ ዘይቱን ዜማ እያስከለስሁት ነበር። መጨረሻው ላይ ድምፁ በሦስት ርክርክ ይወርዳል፤ እሱ ሁለት ብሎ ያቆማል።

«ተመለስ» አልሁት። ተመለሰ። ሁለት።

«ሦስተኛው የት ሄደ?»

«ብዬዋለሁ የኔታ።»

«አላልህም! ተመለስ!»

ደግሞ ሁለት። ደግሞ ሁለት። በአሥራ አንደኛው ይሁን በአሥራ ሁለተኛው ሦስተኛዋን በሙሉ ድምፅ አወጣት። «ይኸዋ! ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ያስለፋኸኝ?» አልሁት። አንገቱን ደፋ። ሌሎቹ አሥሩ ተማሪዎች መሬት መሬት ያያሉ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ያልቀመሰ ልጅ ነው በፀሐይ ያቆምሁት። እናቱ ከማንኩሳ ወዲያ ካለው ገጠር ጭብጦ ስትልክለት አስቀድሞ ለእኔ ቤት የሚያካፍል ልጅ። ግን ዛሬ ባዝንለት ነገ ምስክር ቤት አያዝኑለትም። ከዚያ በኋላ ሁሉም በዚያው መንገድ አሉት፤ አሥራ አንዱም ሦስት ሦስት፣ ጥርት አድርገው። ልቤ አረፈ።

ሀብትነሽ ማታ ቂጣውን እያቀረበች አንድ ነገር አለች። «ምን አልሽ?» አልኋት። «ምንም» አለች። ዘንድሮ ሰው ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚያወራው።

የካቲት 23፣ እሑድ፣ ቅድስት

ትንኝ እንኳ ዘንድሮ ሌባ ሆናለች። ድሮ ጢዝ ብላ አስጠንቅቃ ነበር የምትነድፈው። ዛሬ ክንዴ ላይ አምስት ቦታ አብጧል፤ አንዲትም ድምፅ አልሰማሁም።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ሥርጉት ሽቦ የሌለውን ሰጠችኝ። ይኸኛውም ድፍን ነው፤ ትራሱ ለስላሳ ነው፣ ጆሮን ሙሉ ይሸፍናል፣ አይጨምቅም። ለአንድ ሰዓት ባደርገው ያልበኛል እንጂ አያመኝም። ከበሮም የለበትም።

ግን ጧት በስመ አብ ብዬ ስከፍተው አንዲት ሴት በባዕድ ቋንቋ ትናገራለች። ደነገጥሁ። የኔታ ሊጀምሩ ሲሉ እሷ ትቀድማለች፤ ቻርጁ ሊያልቅ ሲል ደግሞ በዜማው መካከል ትገባለች። በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በመቋሚያ ነበር የሚያባርሯት።

ይህንንም መለስሁት። የመለስሁት ስለ ሴትዮዋ ብቻ አይደለም። ሦስተኛውን ይበላል።

ሥርጉትን ላስረዳት ሞከርሁ። «ርክርክ ማለት ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ደረጃ በደረጃ የሚወርድበት ነው። የየኔታ ሦስት ነው፤ ሦስተኛው እየሳሳ ሄዶ ትንፋሽ ሆኖ ይቀራል። ያችን ነው ዕቃሽ የሚበላብኝ።» በራሷ ጆሮ አድርጋ አዳመጠች። «የኔታ፣ እኔ እኮ ሦስቱንም ሰምቻለሁ» አለች። ዜማ ቤት ያልዋለች ልጅ ምን ታውቅ ብዬ ተውኋት። ከምኗ ታውቀዋለች?

ሁለት ፋብሪካ አንድ ቦታ ላይ እንዴት ይሳሳታል?

የካቲት 30፣ እሑድ፣ ምኩራብ

ከቅዳሴ ስንወጣ አንዱ ተማሪ ሌላውን «የኔታ ፊት ስትቆም በቀኝ በኩል ሁን፣ ጮክ ብለህ በል» ሲለው ሰማሁ። ደስ አለኝ። በጾም ድምፃቸው እንዳይደክም ይመካከራሉ ማለት ነው።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ሕሊና ደወለች። ሀብትነሽ ስልኩን ስትሰጠኝ ሁለቱ ቀድመው እንደተነጋገሩ ፊቷ ይናገራል።

«አባዬ፣ እዚህ የጆሮ ሐኪም አለ። መጥተው ቢታዩ?»

«ጆሮዬን ምን ሆነና?»

«ምንም አልሆነም፤ ለማየት ያህል ነው። አባዬ፣ እኔ እኮ ስልክ ላይ እየጮህሁ ነው የማዋራዎት።»

«ኔትወርኩ ነው» አልኋት።

ኔትወርኩ ነው። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር፤ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። በዚህ ላይ ጥሩ ማዳመጫ ቢኖር እኮ ይኸ ሁሉ አይባልም። ተቆጥቼ ነው የዘጋሁባት። እንደዘጋሁባት አዘንሁ፤ መልሼ ግን አልደወልሁም።

መጋቢት 7፣ እሑድ፣ መጻጉዕ

ማኅሌት ላይ በእኛ በኩል ስንቀበል አንድ ጊዜ ዘገየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። አጠገቤ የቆመው ቄስ ቴዎፍሎስ እጅጌዬን ጎተተኝ። ሐሳቤ ሄዶ ነው አልሁት። እሱም «አይዞህ፣ ጾሙ ነው» አለኝ።

ስለ ምን አይዞህ እንዳለኝ አልገባኝም።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቡሬ ዋልሁ፤ ዘሚካኤል አብሮኝ ሄደ። መንገዱ ተከፍቷል ሲባል በመጀመሪያው መኪና ወጣን። ቡሬ አዲስ የተከፈተ ትልቅ ሱቅ ጥሩ ጥሩ ማዳመጫ አመጣ ብላኛለች ሥርጉት፤ ከራሷ ገበያ አውጥታ ወደ ሌላ የላከችኝ፣ መቼስ የእኔ መመላለስ ሰልችቷት መሆን አለበት።

ለዘሚካኤል ምሥጢሬን ልነግረው ግድ ሆነብኝ። መኪና ውስጥ «የየኔታ ድምፅ አለኝ» አልሁት። ዐይኑ ፈጠጠ። ስማቸውን እንጂ ድምፃቸውን ሰምቶ አያውቅም፤ ማናቸውም አልሰሙም።

ባለሱቁ በአንድ ስልክ ላይ ሁለት ማዳመጫ የሚሰካበት መንታ ሽቦ ነበረው። አንዱን እኔ፣ አንዱን ዘሚካኤል አደረግን። ከኋላ ክፍል አስገብቶን ስለነበር ጥምጥሜን ፈትቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ። የደብረ ዘይቱን ከፈትሁ። ድምፁን ሙሉ አደረግሁት። ዘሚካኤል ዘለል ብሎ ማዳመጫውን ከጆሮው ገፋ አደረገና መልሶ ያዘው። ለወጣት ጆሮ ይከብደው ይሆናል።

የኔታ ጀመሩ። መቸም ያ ድምፅ! ስንት ዓመት ሰምቼው አሁንም ከወገቤ ቀና ያደርገኛል። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ጣቴን አነሣሁ፣ ዘሚካኤል እንዲያስተውል። አንድ፣ ሁለት... ይኸኛውም በላው። በሁለቱ ያጣሁትን እዚህም አጣሁት።

ዘሚካኤልን ሳየው ፊቱ ተለውጧል። «ድገሙልኝ የኔታ» አለ በምልክት። ደገምሁለት። ሦስተኛ ጊዜ ራሱ መለሰው። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ፤ ዕንባው ይወርዳል። እኔም ጨነቀኝ፣ ደስም አለኝ። የአያቱን ድምፅ የሰማ ልጅ ነው ያለቀሰው። የዜማ ዘር እንዲህ ነው የሚተላለፈው ብዬ አሰብሁ።

«ሰማሃቸው?» አልሁት።

«ሰማኋቸው» አለኝ።

ማንኩሳ ላይ መኪናው ለረጅም ጊዜ ቆመ። «እናትህን አይተህ ትመጣለህ?» አልሁት፤ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። እስከ ፍኖተ ሰላም በመስኮት እያየ መጣ። ማዳመጫውን አልወሰድሁም።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ዘሚካኤል ዜማውን ሲል አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ርክርኩ ጋ። አየኝ። «ቀጥል እንጂ» አልሁት። ቀጠለ፤ ሦስቱንም ጥርት አድርጎ። ግን ሲጨርስ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አሞሃል?»

«የለም የኔታ። እርስዎ እንዳሉት ይሁን።»

ምኑ ነው እኔ እንዳልሁት የሚሆነው? ምስክር ቤት መሄዱ አስፈርቶታል። አጥብቄ ይዤው ይሆን? የኔታ እኔን ሲያስተምሩኝ አንድ ቀን ጮኸውብኝ አያውቁም።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ዘሚካኤል ለምስክር ቤት ይዞት የሚሄደውን ደብዳቤ ጀመርሁ። «ከእኔ ዘንድ ሰባት ዓመት ተምሮ፣ ዜማው ከመምህሬ የተቀበልሁት ራሱ ነው።» እዚህ ላይ ብዕሩ ቀጥ አለ። ምን እንዳቆመኝ አላውቅም። ነገ እጨርሰዋለሁ።

መጋቢት 17

አልጨረስሁም።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

የሕሊና ማዳመጫ ደረሰ! ከባሕር ዳር በሚመጣ ሹፌር እጅ ልካው ሁለት ቀን ቡሬ አድሮ መጣ። «አባዬ፣ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ሰው መርጦልኝ ነው» ብላ በወረቀት ጽፋለች። ስለ ሐኪሙ አንድ ቃል አልጻፈችም። የእኔ ልጅ።

ዕቃ ማለት ይኸ ነው። ጀርባው ድፍን፣ ሽቦው ወፍራም፣ ትራሱ እንደ አዲስ አጎዛ። ቅስቱ ራሴን ያዝ ያደርጋል እንጂ አይጫነኝም። ከበሮ የለም፣ ሴት የለችም። የኔታ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እንኳ አጠገቤ ያሉ ያህል ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አዳመጥሁ፤ ጆሮዬ አልቆጠቆጠኝም። ሀብትነሽን «ይሰማሻል?» ብዬ በእጄ ጠየቅኋት። እጇን አወዛወዘች፤ የለም ማለቷ መሰለኝ። ምሥጢሬ ተጠበቀ።

ሦስተኛው ግን የለም።

እንግዲህ ካሴቱ ነው። አሮጌ ካሴት ነው፣ ያን ቦታ ክሩ ተበልቷል። አለቀ፤ ዕቃ ማመላለስ ይብቃ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ከቀትር በኋላ ነው። ማዳመጫውን አድርጌ መደቡ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሀብትነሽ ፊት ለፊቴ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። የደብረ ዘይቱን ከፍቼ ነበር፤ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ቀኑ አልፏል። ቀና ስል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

የምታናግረኝ መስሎኝ ነበር። ግን አታየኝም፤ ምስሯን ነው የምታይ። ከንፈሯ ከየኔታ ጋራ ይከፈታል፣ ከየኔታ ጋራ ይዘጋል። የኔታ ሲያነሡ አንገቷ ቀና ይላል፤ ሲጥሉ ይወርዳል። ማዳመጫውን አወለቅሁ። አላቆመችም። ሀብትነሽ የየኔታን ዜማ ትላለች! ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

«ማን አስተማረሽ?» አልኋት።

ደንግጣ ሰፌዱን ልትጥለው ነበር። ከዚያ ሳቀች። ሰው ፊት አንቱ ትለኛለች፤ ቤት ውስጥ አንተ ነኝ። ተነሥታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፣ ወደ ቀኝ ጆሮዬ።

«እሱ ነዋ» አለች ማዳመጫውን እየጠቆመች። «ጾሙን ሙሉ ቤቱን ሲሞላው ከረመ። የጥቁሩ ጊዜም፣ የዚያችም የምትናገረዋ ጊዜ፣ አሁንም።»

«ድፍን ነው እኮ! ድምፅ አያስወጣም!»

«ቀስ አድርገህ ብትከፍተው አያስወጣ ይሆናል። አንተ እስከ ጥጉ ነው የምትከፍተው። የግቢው ሰው ሁሉ ለምዶታል፤ እዚያ ማዶ ያሉት እሜቴ እንዲያውም ጧት ሳትከፍተው ስትዘገይ ታሞ ይሆን ይላሉ።»

እኔ ምሥጢር ስደብቅ፣ አምስቱ አባወራ በእኔ ማዳመጫ ኪዳን ሲያደርስ ኖሯል።

ማፈሬን ልሸፍን ብዬ ነው መሰለኝ ተቆጣሁ። «እስቲ በይው» አልኋት። «መጨረሻውን። ካሴቱ የተበላበትን።»

«የቱ ነው የተበላ?»

«በይው ብዬሻለሁ።»

አለችው። ሰፌዱ ላይ በጣቷ መታ መታ እያደረገች። አንድ፤ ሰማሁ። ሁለት፤ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለች። ጣቷ ግን ሦስተኛ ጊዜ ወረደ፤ አንዲት ምስር ዘለለች። አፏ ገና ክፍት ነበር። ጉሮሮዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ሁለት ሰማሁ፤ ሦስት አየሁ።

እጄን ጉሮሮዋ ላይ አደረግሁ። «ድገሚው» አልኋት። ሦስተኛው እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ጆሮዬ ግን ምንም አላለም።

ካሴቱ አልተበላም። ዕቃዎቹም አልበሉም። ይህን ሁሉ ጊዜ የሚበላው እኔ ነኝ።

ሀብትነሽ እጄን ከጉሮሮዋ አላነሣችም፤ ይዛው ተቀመጠች። አለቀስሁ። ይኸ ደብተር የእኔ ነውና ልጻፈው፤ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

አሞኛል ብዬ አላስተማርሁም።

ዘሚካኤል ሦስት ሲል ነበር። ከመጀመሪያውም ሦስት ነበር። ሁለት ነው ብዬ አንድ አስጨመርሁት። አሁን አራት ይላል። አሥራ አንዱም አራት ይላሉ። ጥርት አድርገው።

ቡሬ ላይ ያለቀሰው ለዚህ ነው።

መጋቢት 28፣ እሑድ፣ ኒቆዲሞስ

ዛሬ ልነግረው ወስኜ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ጠራሁት፤ መጣ፣ ቆመ። ስለ እናቱ ጤና ጠይቄ ሰደድሁት። ፈሪ ነኝ።

ሀብትነሽን ተቆጣኋት። «ሁላችሁም ካወቃችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ስንት ጊዜ ነገርንህ» አለችኝ። «አልሰማኸን እንጂ።»

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እኔ አቆምሁ።

የምፈራውን ልጻፈው። የማይሰማ የዜማ መምህር ምንድን ነው? ዐይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባላል፤ ጆሮስ ካልሰሙበት? ወንበሩ ከተወሰደብኝ ከቤት ውዬ ምን እሠራለሁ? ነገሩን ደብቄ ደብዳቤውን ብጽፍ ግን ልጁ በእኔ ማኅተም ተጠፍሮ ምስክር ቤት ይቆማል። «ማን አስተማረህ?» ይሉታል። እሱ ደግሞ ስሜን አይጠራም። አውቀዋለሁ፤ «እኔ ነኝ የሳትሁት» ይላል። ሰባት ዓመት ተሸክሞ ይመለሳል እንጂ እኔን አያሳጣኝም።

ሕሊናን ደወልሁላት። ከፋሲካ በኋላ ቀጠሮ ትያዝልኝ፣ እመጣለሁ አልኋት። መልሷን ሀብትነሽ ናት የነገረችኝ፤ ልጅቱ ታለቅስ ኖሯል።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ዛሬ ወንበሬ ላይ አልተቀመጥሁም። ማዳመጫውን በነጠላ ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁና ተማሪዎቹ ከሚቀመጡበት ድንጋይ አንዱ ላይ ተቀመጥሁ። ሁሉም ተነሡ። ተቀመጡ አልኋቸው፤ የት እንደሚቀመጡ ጠፋቸው።

«ዘሚካኤል፣ እዚያ ተቀመጥ» አልሁት ወደ ወንበሩ እየጠቆምሁ።

«ምን በደልሁ የኔታ?» አለ። አፉን እያየሁ ነው የሰማሁት።

ነገርኋቸው። ጆሮዬ ከድቶኛል አልኋቸው። ስልኩንም፣ ማዳመጫውንም፣ ጧት ጧት ጓዳ የምገባውንም ነገርኋቸው። «ሦስት ስትሉኝ ሁለት ነው ብዬ አራት አስባልኋችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ አራት የሚል እንዳይኖር» አልሁ። ማንም አልተነፈሰም። ወይም ተነፈሱ፤ እኔ እንጃ።

ከዚያ ማዳመጫው ከራስ ወደ ራስ ዞረ። ድምፁን ሀብትነሽ ከቤት ሳለሁ ነው የለካችልኝ፤ ለሰው ጆሮ በሚሆን ልክ። አንዱ ሲሰማ ሌሎቹ ፊቱን ያያሉ። ርክርኩ ጋ ሲደርስ ሁሉም ሳያውቁት ጣታቸውን ያነሣሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ አንድ ጊዜ አየሁት።

ዘሚካኤል ግን አሁንም ቆሟል።

«ቡሬ ላይ ሰምተህ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን ዝም አልህ?»

ቀረብ ብሎ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «የኔታን ማን ያርማል?»

«አንተ ታርማለህ። ወንበሩ ላይ ሆነህ። እኔ እላለሁ፣ አንተ ትሰማለህ። ይህን ካላደረግህ ደብዳቤውን አልጽፍም።»

ተቀመጠ። ጫፉ ላይ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀ ሰው። መቋሚያዬን ሰጠሁት።

ጀመርሁ። ዐይኔን ጨፍኜ ነው ያልሁት፤ አርባ ዓመት በጉሮሮዬ የኖረ ዜማ ነው። ጆሮ ቢከዳ ጉሮሮ አይከዳም ብዬ ለራሴ ነግሬ ነበር። የኔታ የሰጡኝን እንደ ሰጡኝ አነሣሁት፣ ጣልሁት፣ መጨረሻው ላይ ደረስሁ። ርክርኩን አወረድሁት። ጨርሻለሁ ብዬ ልተነፍስ ስል መሬቱ በእግሬ ሥር ተመታ።

ዐይኔን ገለጥሁ። ዘሚካኤል መቋሚያውን በሁለት እጁ ይዞታል፤ ፊቱ በዕንባ ርሷል። አራት ጣት አሳየኝ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። ሦስተኛዋን ስለማልሰማት ራሴም አንድ ስጨምር ኖሬያለሁ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

ከንፈሩን አየሁት። አንድ ጊዜ ሞከረና አቃተው። ሁለተኛ ጊዜ አወጣው።

«ተመለሱ፣ የኔታ።»

ተመለስሁ።